ከእኔ ጋር በአንድ ቁጥር የታከሙት ሰው

እኔና አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ በአንድ ቁጥር ታክመናል። እሳቸው ታመው መድኃኒታቸው ለእኔ ተሰጠ፤ እኔ በመድኃኒታቸው ነፍሴን ልስት ስል እሳቸው ያለ መድኃኒት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ሁለታችንም ተርፈናል። መነሻው የማንም ክፋት አልነበረም። አንድ ፕሮግራም ዳታቤዙ አሁን ገና የሰጠውን ቁጥር ማወቅ ፈልጎ፣ መጠየቅ የነበረበትን ትቶ ሌላ ነገር ስለጠየቀ ነው። የሕክምና ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሶፍትዌሩን የሠራውንም ድርጅት እንዲሁ። ስማቸው ቢጠራ አንባቢ "እዚያ ነው እንጂ እኛ ጋ የለም" ብሎ ይተኛል፤ እኔ ደግሞ ማንም እንዲተኛ አልፈልግም።

ለሥራ ጋምቤላ ሰንብቼ አዲስ አበባ በገባሁ በሳምንቱ ግድም ትኩሳት ያዘኝ። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከዚያ የቀመስኩትን ሁሉ መመለስ። ከጋምቤላ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው ምን እንደሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ባለቤቴ "ወባህን ይዘህ መጣህ" ብላ ሰኞ ጠዋት ደግፋ ሕክምና ቤት ወሰደችኝ። ቤቱ ድሮ አንድ ሐኪም ብቻ የሚያይበት ክሊኒክ ነበር፤ አሁን አድጎ፣ ፎቅ ጨምሮ፣ በርከት ያሉ ምርመራ ክፍሎች ከፍቷል። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ወጣቱ ሐኪም ሆዴን ነካ ነካ አድርጎ፣ ዓይኔን ገልጦ አየና ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ምርመራ መረጠ፦ ደም ፊልምና ሲቢሲ። ላከው። ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል ደግሞ ሌላ ሐኪም ለአንድ ሽማግሌ የደም ስኳር፣ የኩላሊትና የሽንት ምርመራ አዘዘ። እሱም ላከው። ሁለቱ ጣቶች የተጫኑት በአንዲት ሰከንድ ውስጥ መሆኑን ያወቅነው ግን ኋላ ነው።

ባለቤቴ ወረቀቱን ይዛ ገንዘብ ልትከፍል ወረደች። ካሸሯ ቁጥሩን ስታስገባ አምስት ምርመራ ወጣ። ባለቤቴ ሐኪሙ ሁለት ብቻ ማለቱን ሰምታለች፤ "ይሄ ሁሉ ምንድነው?" ብላ ጠየቀች። "የታዘዘው ነው እህቴ" አለቻት፤ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ፎቅ ላይ ባሏ እያስመለሰው ነው፣ ከፈለች። ጥቂት ቆይቶ የሽማግሌው ልጅ የአባቷን ወረቀት ይዛ እዚያው መስኮት ደረሰች። በወረቀቱ ላይ የአባቷ ስም አለ፣ ቁጥሩ ግን የእኔ ነው። ካሸሯ ቁጥሩን አስገባችና "ተከፍሏል" አለቻት። ልጅቱ ከኪሷ ያወጣችውን ብር ይዛ ቆመች። አንድ ደግ ሰው አይቶላቸው የከፈለ መሰላት። እውነትም ባለቤቴ ከፍላላቸዋለች፤ ደግነቷን አላወቀችውም እንጂ።

ላቦራቶሪው ናሙና የሚቀበለው በቁጥር ነው። የእኔም የሽማግሌውም ብልቃጥ አንድ ቁጥር ተለጠፈበት። ማሽኑ ከእኔ ደም ሴል ቆጠረ፣ ከእሳቸው ደም ስኳር ለካ፤ ኮምፒውተሩም ሁሉንም በአንድ ገጽ ሰብስቦ ለእኔ ሐኪም ላከ። ገጹ ላይ ስሜ አለ። ደም ፊልሙ ፋልሲፓረም ወባ ይላል፤ እውነት ነው። ሲቢሲውም የእኔ ነው። ከሥር ደግሞ የደም ስኳር 438 ይላል።

ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ይጠራጠረው ነበር። ይህኛው ግን ግማሹ እውነት ነው። የጠበቀው ወባ እዚያው ተጽፎ ሲያይ የቀረውንም አመነ። ስኳሩን አለማዘዙን ቢያስተውል እንኳ ሌላ ባልደረባው የጨመረው ሊመስለው ይችላል። የሚያስመልሰው፣ ውሃ ያጠረው፣ አፉ የደረቀ ሰው ስኳሩ አራት መቶ ቢገባ የሚገርም አይደለም። በጣት ጫፍ መለኪያ አንዲት ጠብታ ወስዶ ቢያረጋግጥ ኖሮ ታሪኩ እዚያ ያበቃ ነበር፤ አላደረገውም፤ ይህ የእሱ ድርሻ ነው። ለወባው አርቴሱኔት፣ ለስኳሩ ኢንሱሊን አዘዘና ተኛሁ።

ከባድ ወባ ራሱ የደም ስኳር እንደሚያወርድ ያን ቀን አላውቅም ነበር። ኢንሱሊኑ የገባው እየወረደ ባለ ነገር ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ረሃብ ነው። ስንት ጊዜ ምግብ እየመለስኩ የቆየሁ ሰው ድንገት ሆዴ ተንሰፈሰፈ። ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንሶላውን ብይዘውም አልቆመም። ላቡ ከግንባሬ ሳይሆን ከደረቴና ከጀርባዬ ነው የፈለቀው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ፒጃማዬን አጣበቀብኝ። የጣሪያው መብራት ሁለት ሆነ። ባለቤቴ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ ቃላቱን ሰማሁ፣ ምን ማለት እንደሆኑ ግን ጠፋኝ። የልጃችንን ስም ልጠራ ፈልጌ ስሙ አልመጣልኝም። ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነበር፤ ሕመም የለውም፣ ዝም ብሎ ሰውነትህ ውስጥ ያለው አንተ እየሳሳህ ትሄዳለህ። ባለቤቴ "ወባው ተነሣበት" ብላ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አስታማሚዎችም ሁሉ ወባ ነው አሉ። ስለ ወባ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና።

ከዚያ ያለውን የማውቀው ከባለቤቴ አፍ ነው። ተረኛ የቀየረች ነርስ አልጋ ለአልጋ ስትዞር እኔ ጋ ደርሳ ቻርቴን አገላበጠች። "ኢንሱሊን የወሰደው ስንት ሰዓት ነው?" ብላ ጠየቀች። መልስ ሳትጠብቅ ከኪሷ የጣት መለኪያውን አውጥታ ወጋችኝ። 31 አለ። ጤነኛ ሰው ከ70 በታች መውረድ የለበትም፤ 54 ሲደርስ አደጋ ይባላል። ሲስተሯ "አርባ ፐርሰንት አምጡልኝ!" ብላ የጮኸችው ጩኸት ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተሰማ። ያ ወፍራም ግሉኮስ በደም ሥሬ ሲገባ ክንዴ እንደ መቃጠል አለ፤ ደቂቃዎች አልፈጁም፣ መብራቱ አንድ ሆነ። የልጄ ስም መጣልኝ።

"ወንድሜ፣ ስኳር አለብህ?" አለችኝ።

"የለብኝም" አልኳት። "ማንም ቤታችን የለበትም።"

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ" ብሎ ወደ ሌላው አልጋ ያልፋል። እሷ የውጤት ወረቀቴን ነጥቃ ወደ ላቦራቶሪ ወረደች። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፦ ይህ 438 የእሱ ካልሆነ የማን ነው?

ላቦራቶሪው ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ባለሙያ አሉ። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም የድሮውን ባሕር መዝገብ አልተዉም፤ ናሙና ሲቀበሉ ታካሚውን ራሱን "ስምህ ማነው?" ብለው ጠይቀው በእጃቸው ይጽፋሉ። አስተዳደሩ ድርብ ሥራ ነው፣ ይቅር ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው እሺ እያሉ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ሲስተሯ መዝገቡን ስታስከፍታቸው አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አጠገቡ ሁለት ስም አለ። አንዱ እኔ ነኝ።

ሽማግሌውን ስማቸውን እየጠሩ ፈለጓቸው። ከሐኪማቸው ክፍል ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተገኙ፤ ከጠዋት ጀምሮ። ልጃቸው ሐኪሙን በጠየቀችው ቁጥር እሱ ትዕዛዙን ይከፍታል፣ ባዶ ነው፣ "ውጤት አልደረሰም" ይላታል። አባቷ ውሃ ጠማኝ ሲሏት ለስላሳ ገዝታ አጠጥታቸዋለች። ያንኑ ዕለት አልጋ ይዘው ታከሙ። እኔ በማግስቱ ራሴን ችዬ ስቀመጥ ልጅቱ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ቆማ ብሩን ለባለቤቴ ልትመልስ ታገለች። ሁለቱ ሴቶች "አልቀበልም"፣ "በአባቴ ሞት" እየተባባሉ ሲከራከሩ ነው ነገሩ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የገባኝ። ሁለት ሰው፣ አንድ ቁጥር።

እንጀራዬ ዳታቤዝ ነው። ሌላ ታካሚ ቢሆን "ኮምፒውተሩ ተሳሳተ" ሲባል ይቀበላል፤ እኔ ግን ዳታቤዝ አንድን ቁጥር ለሁለት ሰው እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ድኜ ከወጣሁ በኋላ ሥራ አስኪያጁን "ክስ አልመሠርትም፣ ያሳዩኝ ብቻ" አልኳቸው። አሰቡበትና ፈቀዱ። የአይቲ ክፍሉ ልጅ ወንበር ሰጠኝ፤ ትሑት ነው፣ ከመነሻው "እርስዎ" እያለ ነው ያናገረኝ። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ አልነበረም፤ የጻፈው ሰው ከድርጅቱ ከለቀቀ ቆይቷል።

ሥርዓቱ የተሠራው በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። አንድ የላቦራቶሪ ትዕዛዝ ሁለት ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጣል። አንደኛው ራስጌው ነው፤ ታካሚው ማን ነው፣ ማን አዘዘ፣ በስንት ሰዓት። ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው፤ ደም ፊልም አንድ ረድፍ፣ ሲቢሲ አንድ ረድፍ፣ ስኳር አንድ ረድፍ። ዝርዝሩን ከራስጌው ጋር የሚያስተሳስረው የራስጌው ቁጥር ብቻ ነው። ያን ቁጥር ፕሮግራሙ አይፈጥረውም፤ አይደንቲቲ የሚባለው ዓምድ ላይ ዳታቤዙ ራሱ ይሰጠዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራስጌውን አስገብቶ ሲያበቃ፣ ዝርዝሩን ከመጻፉ በፊት "ለዚህ ስንት ቁጥር ሰጠኸው?" ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

ልጁ ኮዱን ሲከፍተው ጥያቄው ይህ አልነበረም። የነበረው "በሠንጠረዡ ውስጥ ትልቁ ቁጥር ስንት ነው?" የሚል ነው። ማክስ። አሁን ያስገባሁት የመጨረሻው ነው፣ የመጨረሻው ትልቁ ነው፣ ስለዚህ ትልቁ የእኔ ነው የሚል ስሌት።

ስክሪኑ ላይ ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን አየናቸው። የሽማግሌው ራስጌ ገባ። የእኔ ራስጌ ወዲያው ተከትሎ ገባ፤ በቁጥር በአንድ ይበልጣል። ከዚያ የሽማግሌው ሐኪም ኮምፒውተር "ትልቁ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ ዳታቤዙም በታማኝነት የእኔን ቁጥር ነገረው። ስኳሩ፣ ኩላሊቱና ሽንቱ በእኔ ሥር ተጻፉ፤ የሽማግሌው ራስጌ ባዶውን ቀረ። ዳታቤዙ አልተሳሳተም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

"ይሄ እኮ ለዓመታት ሲሠራ ነበር" አለ ልጁ።

ሲሠራማ ነበር። ክሊኒኩ አንድ ሐኪም ብቻ ሳለው ሁልጊዜ ትክክል ነበር፤ ከኋላ ገብቶ የሚቀድመው ሌላ ሰው የለማ። ሁለተኛው ክፍል ሲከፈት ማንም ኮዱን አልነካም፤ ስህተት የሆነው ሳይነካ ነው። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ያለው ሐኪሞቹ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ማስገባቱና መጠየቁ ለየብቻ በዋይፋይ እየተመላለሱ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳሉ። ኔትወርኩ ሲጨናነቅ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ኔትወርኩ የሚጨናነቀው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነው።

ድሮ ካርድ ክፍል ያሉ እናቶች ይህን ከማንኛችንም የተሻለ ያውቁት ነበር። ባሕር መዝገቡ ላይ ስምህን ጽፈው፣ ከስምህ ፊት ያለውን ቁጥር ጣታቸውን ሳያነሱ ካርድህ ላይ ይገለብጣሉ። መዝገቡን ከድነው፣ ቡና ጠጥተው፣ ተመልሰው "መጨረሻ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነበር?" የሚሉ ቢሆን በመሃል ሌላዋ ጽፋበት ታገኘው ነበር።

አንድ ጥያቄ መጻፍ ነበረብንና ጻፍን፦ ዝርዝር የሌላቸው ራስጌዎች የትኞቹ ናቸው? ልጁ ተጫነው፤ እኔ የጠበቅኩት አንድ ሁለት ረድፍ ነው። ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞልቶ ወደ ታች ወረደ። ሁሉም እንደኛ አይደለም፤ ሐኪም ጀምሮ የሰረዛቸው ትዕዛዞች አሉበት። እነሱን ለመለየት ቀጣዩ ራስጌ በዚያችው ሰከንድ የገባ መሆኑንና በሥሩ የሁለት ሐኪም ምርመራ መኖሩን አየን። የቀሩትም ቢሆኑ ትንሽ አልነበሩም። አብዛኞቹ ጉዳት ያላደረሱ ናቸው፤ የጠፋ የሽንት ምርመራ፣ "እንደገና ስጥ" የተባለ ደም፣ ሁለቴ የተከፈለ ብር። ሰዉ ተነጫንጮ፣ ደግሞ ደሙን ሰጥቶ ሄዷል። ማንም በክፉ ሥርዓት እንጂ በአንድ መስመር ኮድ መንገላታቱን አላወቀም። ልጁ ፊቱ ተለዋውጦ ዝርዝሩን ለሥራ አስኪያጁ አትሞ ወሰደ፤ ይህን ሳይደብቅ ማድረጉን እዚህ መመስከር ግዴታዬ ነው።

ልጁ መጀመሪያ ያሰበው መፍትሔ ብዙ ባለሙያ የሚያስበውን ነው፦ ሁለቱን እርምጃ በአንድ ትራንዛክሽን እንጠቅልላቸው። ብቻውን አያድንም። ኤስኪውኤል ሰርቨር በነባሪ አሠራሩ ላይ እያለ እንቁጠር። ሽማግሌው አስገቡ፣ እኔ አስገባሁ፣ ሁለታችንም ገና አላጸደቅንም። የሽማግሌው ፕሮግራም ትልቁን ሲጠይቅ የእኔ ረድፍ ተቆልፎበት ያገኘውና ይጠብቃል። የእኔው ጨርሶ ያጸድቃል። ቁልፉ ይለቀቃል፤ የሽማግሌው ጥያቄ ይቀጥላል፤ የሚያገኘው ትልቁ ቁጥር አሁንም የእኔ ነው። ትንሽ ዘግይቶ ያው ስህተት።

ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት ማክስን አውጥቶ @@አይደንቲቲ የሚባለውን አስገባ። ይህ በእርግጥ ይሻላል፤ በራስህ ሴሽን የተሰጠውን የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው የሚመልሰው፣ የጎረቤት ሐኪም ምንም ቢያስገባ አይነካህም። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ምክንያቱም በእኔ ጉዳይ የተደናገጠው አስተዳደር "ማን ምን እንደነካ የሚመዘግብ ነገር ይደረግ" ብሎ ወስኖ ነበር። ያ የሚደረገው በትሪገር ነው፦ ራስጌ በገባ ቁጥር ዳታቤዙ ራሱ ወደ ሌላ የቁጥጥር ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ይጽፋል። የቁጥጥር ሠንጠረዡም የራሱ አይደንቲቲ አለው። @@አይደንቲቲ የትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ አይለይም፤ በሴሽኑ ውስጥ መጨረሻ የተሰጠውን ነው የሚናገረው። መጨረሻ የተሰጠው ደግሞ የትሪገሩ ነው።

ልጁ ትሪገሩን መጀመሪያ መሞከሪያ ኮምፒውተር ላይ ጫነው፤ ጥሩ አደረገ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ቁጥር 1 ሆኖ ተመለሰለት። ሁለተኛው 2። የቁጥጥር ሠንጠረዡ አዲስ ስለሆነ ገና ከአንድ መጀመሩ ነው። አዲሶቹ ምርመራዎች ክሊኒኩ በተከፈተ ሰሞን በታከሙ ሰዎች ሥር እየገቡ ነበር፤ ዳታቤዙም አልተቃወመም፣ 1 እና 2 የሚባሉ ራስጌዎች በእውነት አሉና። የውጭ ቁልፍ የሚባለው ጥበቃ ቁጥሩ መኖሩን እንጂ ያንተ መሆኑን አያጣራም። ልጁ ስልክ ደውሎ "ያሉት ሆነ" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታም ድንጋጤም ነበረበት።

መጨረሻ ላይ የገባው ስኮፕ አይደንቲቲ ነው። እሱ አንተ በጻፍከው ክልል ውስጥ የተሰጠውን ብቻ ይመልሳል፤ ትሪገር ከጀርባ የሚሠራውን አይቆጥርም። ከእ.ኤ.አ. 2000 እትም ጀምሮ አለ፤ ማለትም ያ ፕሮግራም ሲጻፍ ማንም እጁን ዘርግቶ ሊያነሳው ይችል ነበር። ከ2005 ወዲህ ደግሞ አውትፑት የሚባለው አለ፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የማስገባቱ ትዕዛዝ ራሱ ቁጥሩን ይዞ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ጥያቄ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ብዙ ረድፍ በአንዴ ብታስገባ የሁሉንም ቁጥር ይሰጥሃል። አይደንት ከረንት የሚባል ስሙ የሚያታልል ሌላ አለ፤ እሱ የማንንም ሴሽን ስለማይለይ ለዚህ ሥራ ከማክስ አይሻልም።

በሌሎች ዳታቤዞች የምትሠሩም አላችሁ። ፖስትግሬስ ከ8.2 እትም፣ ከ2006 ጀምሮ ሪተርኒንግ አለው፤ ማሪያ ዲቢ ከ10.5፣ ኤስኪውላይት ከ2021ዱ 3.35። ማይኤስኪውኤል ሪተርኒንግ የለውም፤ ላስት ኢንሰርት አይዲ ግን በየኮኔክሽኑ የተለየ ስለሆነ ሌላ ሰው አያበላሽብህም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ብዙ ረድፍ በአንድ ትዕዛዝ ስታስገቡ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ያስገባችሁበትን ኮኔክሽን ለቃችሁ በሌላ ኮኔክሽን ከጠየቃችሁም የምታገኙት መልስ የናንተ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ማክስ አገራችን ውስጥ ለምን በዛ? እንደኔ ግምት ከሒሳብ ክፍል ነው የመጣው። ሒሳብ ሠራተኛ ቁጥር ሲዘል አይወድም፤ 14 እና 16 አይቶ "15 የት ሄደ?" ይላል። ዳታቤዝ ደግሞ የሰጠውን ቁጥር፣ ሥራው ቢሰረዝም፣ መልሶ አይወስድም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2012 እትም ወዲህ መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲነሣ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ በ1000 ሊዘል ይችላል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ የሚያስነሣውን ጭቅጭቅ አስቡት። ፕሮግራመሩ ሰልችቶት አይደንቲቲውን ይጥልና ትልቁን ቁጥር ጠይቆ አንድ ይጨምርበታል። ልማዱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሕክምና ቤት ይገባል። የደረሰኝ ቁጥር ሌላ ነገር ነው፤ ሳይዘል እንዲሄድ ከተፈለገ ለብቻው ሠንጠረዥ ተሠርቶለት፣ ተቆልፎ ይሰጥ። የሰው ቁጥር ግን ቢዘል ማን ይጎዳል?

ሕክምና ቤቱ የከፈልነውን መለሰልን። ሐኪሙ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ተቀበልኩት። ከትሪገሩም ከስኮፕ አይደንቲቲውም በላይ ጥሩ የሆነው ግን ኢንሱሊን ከመስጠት በፊት በጣት መለካት ግዴታ መደረጉ ነው። የላቦራቶሪው አዛውንትም ባሕር መዝገባቸውን እንዲቀጥሉ በይፋ ተፈቅዶላቸዋል። በናሙናው ላይ አሁን ቁጥርም ስምም ይለጠፋል፤ ከመጀመሪያው እንደዚያ መሆን ነበረበት።

ሽማግሌው ስኳራቸውን በመድኃኒት ይዘው እየኖሩ ነው። ልጃቸው በበዓል ትደውልልናለች።

ፕሮግራም የምትጽፉ ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት፣ የመጋዘን፣ የማንም ይሁን፣ በእጃችሁ ያለውን ኮድ ክፈቱና ከማስገባት ቀጥሎ ማክስ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ዝርዝር የሌላቸውን ራስጌዎችም ቁጠሩ፤ ባዶ ራስጌ ካገኛችሁ ከጎኑ ያለውን ሰው ስም አንብቡ። ታካሚዎች ደግሞ ወረቀታችሁን ስትቀበሉ ስማችሁን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ። ሐኪሙ ያላዘዘው ምርመራ ከሥር ካለ፣ ሰልፉ ቢረዝምም፣ ካሸሯ ብትቆጣም፣ "ይሄ የማን ነው?" ብላችሁ መልስ እስክታገኙ ቁሙ።